«ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ»

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ሃያሲ ግን ብዙም ዞር ብሎ ያላየው አንድ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት አለን። ግብዓተ መሬት ሊፈጸም ሲል አንድ ዘመድ ማይክሮፎኑን ይቀበልና ከኮት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ አውራጃ፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ…» ብሎ ይጀምራል። ፊደል የቆጠሩበት ደብር ይጠራል። የተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት፣ ያገኙት እድገት፣ የተዛወሩበት ቅርንጫፍ፣ የወሰዱት የሦስት ወር የመዝገብ አያያዝ ኮርስ ሁሉ በየተራ ይመጣል። ከዚያ ሰዉ የመኪና ቁልፉን መዳበስ ሲጀምር «ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» ይባላል። በቃ! አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ፣ የተኳረፉ፣ የታረቁ፣ ልጅ የቀበሩ፣ ልጅ የዳሩ ሁለት ሰዎች «ባለትዳር» በምትል አንዲት ቃል ተጠቅልለው ይገባሉ። የመዝገብ አያያዙ ኮርስ እንኳ ከዚህ የተሻለ ቦታ አግኝቷል።

ወረቀቱ አጭር ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወረቀቱን እንተወውና ወደ መጽሐፍ እንሂድ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የመጻሕፍት መደብሮቻችን በሽማግሌዎች ትዝታ ተሞልተዋል። የቀድሞ ሚኒስትር ጽፏል፣ የቀድሞ ጄኔራል ጽፏል፣ የቀድሞ ታጋይ ጽፏል፣ የቀድሞ እስረኛ ጽፏል። አብዛኞቹን ገዝቼ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዶቹንም ወድጃቸዋለሁ። ሰውየው በየትኛው ኮረብታ ላይ ስንት ጥይት እንደቀረው ይነግረናል። በየትኛው ስብሰባ ማን ከማን ቀድሞ እጁን እንዳወጣ ያውቃል። ሚስቱ ግን ገጽ መቶ ምናምን ላይ ድንገት ትገባለች፣ በሚቀጥለው ገጽ ትወልዳለች፣ ከዚያ በኋላ የምናገኛት ምስጋናው ላይ ነው፤ «ይህን መጽሐፍ ስጽፍ ቡና በማፍላት…» ተብላ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት አብዛኛውን በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠው ሲሆን፣ አንደኛው መጽሐፍ ታትሞ የወጣው ግን ሰማንያ ዓመት ከሞላቸው በኋላ በ1965 ዓ.ም. ነው። ከእቴጌ መነን ጋር ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ እቴጌ እስካረፉበት እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አብረው ኖረዋል። ስለዚህ ጋብቻ የምናገኘው ጥቂት መስመር ነው። የመንግሥት መጽሐፍ ነው፣ ንጉሥ የጓዳውን ነገር አደባባይ አያወጣም ብለን እንለፈው።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ የሐዲስ ዓለማየሁ ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. የሰጡን፣ አንድ ትውልድ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰማ ያለቀሰበትን ፍቅር የፈጠሩት ሰው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያውን አልፎ በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ»ን ሲያሳትሙ የጻፉት ስለ ጣሊያን ወረራ፣ ስለ ዘመቻውና ስለ ምርኮው ነው። መጽሐፉ ውድ ነው፤ እንኳንም ጻፉት። ግን ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያልሳሱትን ቃል ለራሳቸው ሳሱ። መብታቸው ነው፤ ማን ሊከሳቸው! ነገሩን ያነሳሁት የአገሩን ልማድ ስለሚያሳይ ነው። ፍቅርን በልብ ወለድ እንናገራለን፣ ጦርነትን በትዝታ። ልብ ወለዱም ቢሆን ፍቅሩን ወይ ከሠርጉ በፊት ይገድለዋል ወይ መቃብር ያወርደዋል። ጎጆ ወጥቶ፣ ሽሮ ተበድሮ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ ሪህ ይዞት፣ አርጅቶ የሚኖር ፍቅር ከወረቀት ላይ የለም።

በሌላው ዓለም ይህን ደፍረው የጻፉ አሉ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አሉ። ከሁሉም የሚገርመው ሃሪ በርንስታይን የሚባሉ ሰው ናቸው (ለዕድሜያቸው ስንል አንቱ እንበላቸው)። እንግሊዝ አገር ስቶክፖርት በምትባል የፋብሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1910 ከደሀ አይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ወጣትነታቸውን ሁሉ ደራሲ ለመሆን ሲመኙ ኖሩ። ለፊልም ኩባንያዎች የሌላውን ሰው ልብ ወለድ እያነበቡ ይሆናል አይሆንም የሚሉ ሆነው ሠሩ፣ የሙያ መጽሔት አዘጋጅ ሆነው ሠሩ፤ የራሳቸው ረቂቅ ግን አልሆን እያለ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸውን ሩቢን ኒው ዮርክ ውስጥ ጭፈራ ቤት ነው ያገኟቸው። ስድሳ ሰባት ዓመት በትዳር ኖረው ሩቢ እ.ኤ.አ. በ2002 በደም ካንሰር በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። ሽማግሌው ብቸኝነቱን አልቻሉትም። ዘጠና ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ቁጭ ብለው መጻፍ ጀመሩ።

ዘጠና ሦስት! እኛ አገር እኮ በዚህ ዕድሜ ያለን ሰው የምንጠይቀው «ምሳ በልተዋል?» ብለን ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «የማይታየው ግንብ» እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ሰውየው ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነበር። «ሕልሙ» በ2008፣ ስለ ትዳራቸው የጻፉት «ወርቃማው አኻያ» በ2009 ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በመቶ አንድ ዓመታቸው ሞቱ። የመጀመሪያው ረቂቅ ለንደን አንድ አሳታሚ ዘንድ ማንም ሳያየው ብዙ ጊዜ ተቀምጦ እንደነበርና አንዲት አርታዒ አንስታ ስታነበው መተው እንዳቃታት ተጽፏል። እዚህም እዚያም ጥግ ላይ ወረቀት የከመሩ ደራስያን ይህችን ታሪክ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ሂሱ እንምጣ። ስለ ሽማግሌው የተጻፈው ነገር ሁሉ አድናቆት ነው፤ ማን በዘጠና ስድስት ዓመት ሰው ላይ ብዕር ያነሳል? እኔ ግን ሦስቱን መጻሕፍት እኩል አላያቸውም።

«የማይታየው ግንብ» ግሩም መጽሐፍ ነው። አንድ ጠባብ መንገድ አለ። በአንደኛው ወገን አይሁዶች፣ በሌላኛው ወገን ክርስቲያኖች ይኖራሉ። መሐል ላይ ምንም የለም፤ ሰው ግን አይሻገርም። የደራሲው ታላቅ እህት ሊሊ ከማዶ ያለውን ልጅ ወደደች። በድብቅ ሲጋቡ እናት በቁሟ ላለች ልጅ እንደ ሞተች ቆጥራ ለቅሶ ተቀመጠች። ይህን ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም። ሃይማኖት ለይቶት፣ ዘር ለይቶት፣ ሙያ ለይቶት ልጁን «ሞታለች» ያለ ቤተሰብ በየሰፈራችን አለ። ታሪኩን የሚያየው ትንሽ ልጅ ነው፤ የሚያየው ነገር ሁሉ ስላልገባው አንባቢው ከእሱ ቀድሞ ይገባዋል። የመጽሐፉ ጉልበት እዚያ ላይ ነው።

ልጁ የሰማውን ንግግር በጥቅስ ውስጥ ቃል በቃል ማስፈሩ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ሰው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ለጎረቤት ያለችውን ነገር ከዘጠና ዓመት በኋላ እንዴት ያስታውሳል? እንደማያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስታውሰው የእናቱን ድምፅ፣ የወጥ ቤቱን ሽታና ፍርሃቱን ነው፤ ቃሉን ግን ብዕሩ ሞላው። በዚህ አልጣላቸውም። አያቶቻችንስ ተረክ ሲተርኩ «እሱም እንዲህ አላት፣ እሷም እንዲህ አለችው» እያሉ አይደለም ወይ? ሕጋዊ ምስክርነት የሚፈልግ ፍርድ ቤት ይሂድ።

የምጣላቸው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። «ወርቃማው አኻያ» ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭነቱ ነው የጎዳው። ሁለት ወጣቶች በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ገንዘብ ሳይኖራቸው ተጋቡ፤ ኪራይ ቤት ገቡ፤ ልጆች ወለዱ፤ ተዋደዱ፤ እንደተዋደዱ አረጁ። ሩቢ መልካም ናቸው፣ ቆንጆ ናቸው፣ ታጋሽ ናቸው። ከገጽ ወደ ገጽ ስሄድ «እሺ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው አንድ ቀን የሚቆጡት?» እያልኩ ነበር። በስድሳ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሳህን ያልሰበረች ሚስት እንኳን ኒው ዮርክ ገነትም የለች። የሊሊ እናት ከእነ ጭካኔዋ ሰው ሆና ትታየኛለች። ሩቢ ግን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶግራፍ ናቸው፤ መብራቱ ከየት ቢመጣ ያው ፈገግታ። መጽሐፉ ሕይወት የሚዘራው ሩቢ ሲታመሙና ሽማግሌው ብቻቸውን ሲቀሩ ነው። ባዶውን ቤት፣ ባዶውን አልጋ ሲነግሩን ብዕራቸው እንደ መጀመሪያው መጽሐፍ ይሳላል።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ለእኔ ሰውየው የጻፉት ሙሾ ነው። ሙሾ ደግሞ የሟችን ጉድለት አይናገርም። የእኛን አገር ሙሾ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሕይወት ሳለ ባሏን በስሙ ጠርታው የማታውቅ፣ «አባ እገሌ» ወይም «የልጆቼ አባት» እያለች የኖረች ሴት፣ አስከሬኑ ሲወጣ ድምፅዋን ታነሳለች። ቁመቱን፣ ጀግንነቱን፣ እጁን፣ አመሉን፣ ያኮረፈበትንና ያባበላትን ሳይቀር በግጥም ትደረድረዋለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የታፈነ የፍቅር ቃል በአንድ ጠዋት ይወጣል። እንዲያውም በአገራችን ሴት ልጅ ባሏን በአደባባይ እንደምትወደው ለመናገር የተፈቀደላት ቀን ያ ብቻ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እሱ ግን አይሰማትም። የሚያለቅሰውም ሰው እንባውን ጠርጎ ወደ ንፍሮው ይሄዳል፤ ግጥሙን የሚጽፍ የለም። ከተማ ውስጥማ ሙሾውም ቀርቶ በዚያ አራት ቦታ በታጠፈ ወረቀት ተተክቷል። ለውጡ ይታያችሁ! ከቁመትና ከፈገግታ ወደ መዝገብ አያያዝ ኮርስ።

ሙሾ ያልሆነ የእርጅና ትዝታ ማየት የፈለገ ዳያና አቲልን ያንብብ። እንግሊዛዊት ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ በመጻሕፍት አርታዒነት ሠርተዋል፤ ናይፖልን ከመሰለ አስቸጋሪ ደራሲ ጋር ተቀምጠው የሠሩ ናቸው። በወጣትነታቸው ያጫቸው የአየር ኃይል አብራሪ ግብጽ ከሄደ በኋላ ደብዳቤውን አቋረጠ፤ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሌላ ላገባ ነውና ልቀቂኝ ብሎ ጻፈላቸው፤ ከዚያ ጦርነቱ ላይ ሞተ። ይህን በአርባዎቹ ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. በ1963 «በደብዳቤ ፈንታ» በሚለው መጽሐፍ ጻፉት። ዘጠና ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 «ወደ ማብቂያው ገደማ» የሚለውን አሳተሙና የዚያ ዓመት የኮስታን የሕይወት ታሪክ ሽልማት ወሰዱ። በዚህኛው ውስጥ ፆታዊ ፍላጎት ከሰውነታቸው እንዴት እየራቀ እንደሄደ፣ ሳያገቡት አብረውት የኖሩት ጃማይካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሲታመም ማስታመም ምን ያህል እንደሚያሰለች፣ የሰውየው ወጣት ወዳጅ መጥታ እዚያው ቤት እንደኖረችና ከእርሳቸው ጋር እንደተዋደዱ ሳይቀር አንድ ዓይን ያፈጠጠ ቃል ሳይጠቀሙ ይነግሩናል።

«ኤጭ! ምን ጉድ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ኑሯቸውን ውሰዱ እያልኩ አይደለም። አጻጻፋቸውን ግን ተመልከቱት። ማንንም አያሞካሹም፤ ራሳቸውንም። የሚወዱትን ሰው «ሰለቸኝ» ሲሉ መውደዳቸው ይበልጥ ይታመናል። በርንስታይን ሩቢን መልአክ ሲያደርጓቸው ካጠፏቸው፣ አቲል ሰውየውን ታካች በሽተኛ ሲያደርጉት አኖሩት። ሁለቱም ደራስያን በመቶ አንድ ዓመታቸው ነው የሞቱት። ዕድሜ አንድ ሆኖ ዓይን ይለያያል።

ሌላ ከባድ ነገር አለ፤ የትዳር ታሪክ ባለቤቱ ሁለት ነው። አንዱ ሞቶ ሌላው ሲጽፍ የሟቹን ግማሽ ማን ይናገርለታል? የቶልስቶይና የሶፊያን ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1862 ሲጋቡ እሱ ሠላሳ አራት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከሠርጉ በፊት የወጣትነቱን ኃጢአት ሁሉ የጻፈበትን የዕለት ማስታወሻ አንብቢው ብሎ ሰጣት፤ ቁስሉ ዕድሜ ልኳን አልዳነም። አሥራ ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ ረቂቆቹን በእጇ ገለበጠች፤ እሱ ደግሞ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ትቷት ወጥቶ ባቡር ጣቢያ ላይ ሞተ። ዓለም የእሱን ወገን ብቻ ሲያነብ ኖረ። እሷ በስድሳ ዓመቷ ገደማ «ሕይወቴ» ብላ መጻፍ የጀመረችው ግዙፍ መጽሐፍ ሙሉው ለአንባቢ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ነው። ከሞተች ከዘጠና ዓመት በኋላ ማለት ነው። መጽሐፉ ምሬት ይበዛዋል፤ ግን ከዚያ በኋላ «አና ካሬኒና»ን እንደ ድሮው ማንበብ አይቻልም።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ወገንም የለ፣ የሁለተኛውም የለ። ምክንያቱን ስትጠይቁ የሚመጣላችሁ ቃል አንድ ነው፦ ገመና። የባልና የሚስት ነገር ገመና ነው፤ ገመና ይሸፈናል። ይህን ቃል አልንቀውም። ስንት ቤት በዚህ ቃል ተከብሮ ቆሟል፤ ስንት ጠብ በር ላይ ቀርቷል። ሆኖም ገመናው የማን ነው የሚለው ይጠየቅ። አንድ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናቸው እናት ሲዳሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር እንበል። ያኔ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና አልወጣም፤ ሲወጣም ለሴት ልጅ የፈቀደው አሥራ አምስት ዓመት ነበር። አሥራ ስምንት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የእኚህ እናት «የፍቅርና የትዳር ትዝታ» ከመጀመሪያው ገጽ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ይሆናል። እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ የሚሸፈነው የእርሳቸው ገመና ነው ወይስ የእኛ?

ለዚህ ነው ሽማግሌዎቻችን ትዳራቸውን ይጻፉ ሲባል የበርንስታይን ዓይነት ማር ብቻ የሚጠብቅ ሰው የሚያሳስበኝ። ማር ብቻ ይሁን ካልን እኚህን እናት አንሰማቸውም።

እርግጥ የተጻፈ የፍቅር ትዝታ ጭራሽ የለንም አልልም። ሕይወት ተፈራ በእንግሊዝኛ ጽፋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመውና በአማርኛ «ማማ በሰማይ» ተብሎ የተመለሰው መጽሐፍ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የኢሕአፓ መሪ ለነበረው ለጌታቸው ማሩ የነበራትን ፍቅር ደፍሮ የትዝታው እምብርት አድርጎታል። ሌሎቹ ታጋዮች ሕዋስና ኮሚቴ ሲቆጥሩ እሷ ሰው አሳየችን። ሆኖም እዚያም ፍቅሩ በወጣትነቱ የተቀጨ ነው። ጎጆ የገባው፣ ልጅ ያሳደገው፣ አብሮ ያረጀው ፍቅር ተራውን እየጠበቀ ነው። ሞት በወጣትነት ያልቀጨው ፍቅር ታሪክ አይመስለንም መሰለኝ።

ቋንቋውም ራሱ ችግር አለበት። በዚያ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስለ ትዳራቸው ሲያወሩ «ፍቅር» የሚለውን ቃል አይጠቀሙም። «ተስማምተን ኖርን»፣ «አመል ተቻችለን»፣ «አላስከፋኝም» ነው የሚሉት። ይህን ሰምቶ «አይ፣ ፍቅር አልነበራቸውም» የሚል የልጅ ልጅ ሞኝ ነው። «አላስከፋኝም» የሚለው ቃል ውስጥ ስንት ሌሊት እንዳለ ለማወቅ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። የሚጠየቁትም ብዙዎቹ እንደ በርንስታይን ራሳቸው አይጽፉም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊደል ያልቆጠሩም አሉ። ጸሐፊው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አያት ለልጅ ልጅ ሁሉን አይነግርም፤ የልጅ ልጅም አያቱን ሁሉን አይጠይቅም።

በሰፈራችን አንድ ወጣት ይህን ሞክሮ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አያቱን «እማማ፣ አባባን ይወዷቸው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ቀረጻውን አሰምቶኛል። መጀመሪያ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?» አሉት። ከዚያ ዝም አሉ፤ ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማል። ልጅ ሆነው በበቅሎ እንደመጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ሲያለቅሱ አቅፈው ያስተኟቸው አማታቸው እንደነበሩ ነገሩት። ባላቸውን ዕድሜ ልካቸውን «አንቱ» እንዳሏቸው፣ በሰማንያ ተጋብተው ልጆቻቸውን ሁሉ ከዳሩ በኋላ አርጅተው እንደቆረቡ ነገሩት። ልጁ ግን ጥያቄውን አልተወም፤ «እና ይወዷቸው ነበር ወይ?» አለ እንደገና።

«ኋላ ዓይኑ ሲጠፋ» አሉት፣ «እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኩት፣ አንድ ቀን ድንጋይ አደናቀፈውና ‹ቀስ በል አንተ!› አልኩት። አንተ አልኩት! ደንግጬ ቆምኩ። እሱም ቆመ። ‹ምነው እስከ ዛሬ?› አለኝ።»